የጎረቤት ገንዘብ በላስታ ተራሮች፦ ስለ ገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት የቀረበ ዳሰሳ

በላስታ ደጋ የሚኖር ገበሬ በዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚያገኝባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ገንዘብ የሚፈልግባቸው ቀኖች ግን ከመስከረም እስከ ጳጕሜን ድረስ ተዘርግተው ይገኛሉ። ገብሱና ባቄላው ከዐውድማ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ በጉና ፍየሉ ደኅና ዋጋ የሚያወጣው ለገናና ለፋሲካ ነው፤ ማሩም የሚቆረጠው የመስከረም አበባ ካለፈ በኋላ ነው። የማዳበሪያው ዋጋ፣ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የበሽተኛ መድኃኒት፣ የተዝካር ድግስ፣ ከሁሉም የከፋው የሐምሌና የነሐሴ ባዶ ጎተራ ግን የመከሩን ወራት ጠብቀው የሚመጡ አይደሉም። በገቢው ቀንና በወጪው ቀን መካከል ያለውን ይህን ረጅም ጊዜ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ማን ነው? የገጠር ገንዘብ ነገር ሁሉ፣ ሕጉም ማኅበሩም፣ ባንኩም አራጣ አበዳሪውም፣ ለዚህ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለ ሆነ፣ ይህ ዳሰሳ በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የላስታ አገር ላይ ቆሞ ከመልሶቹ አንዱን፣ ይኸውም ጎረቤታሞች ተሰብስበው የሚያቋቁሙትን አነስተኛ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከጥንተ ነገሩ ጀምሮ እስከ ዛሬ ችግሩ ድረስ ይመረምራል።

አገሩን አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል። ላሊበላ በሰሜን ወሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ በዓለም የታወቀች ከተማ ስትሆን፣ ከበላይዋ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ከበታቿ ደግሞ ወደ ተከዜ ወንዝ የሚወርደው ቆላ ይገኛል። ከተማዪቱ ከነጋድያንና ከጎብኚዎች ትኖራለች፤ ዙሪያው ግን ከተዳፋት ላይ ካለ ጠባብ ማሳ፣ ከበግና ከንብ ይኖራል፤ ዝናቡ ሲያጥር ወይም በረዶው ገብሱን ሲመታው አያሌ ቤተሰብ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ ላይ ይወድቃል። ከሩቅ ሆነው የሚያዩት ሰዎች እንዲህ ያለው ድሀ ምን ተርፎት ይቆጥባል ይላሉ። ነገሩን በቅርብ የተመለከተ ሰው ግን በላስታ መቆጠብ ከጥንት የኖረ ልማድ መሆኑን፣ የሚቆጠበውም በበግ፣ በጎተራ እህልና በሰው ዘንድ በተቀመጠ ውለታ መሆኑን ያውቃል።

ባንክ ባልነበረበት ዘመን አገሩ ያለ ብድር አልኖረም። ጎተራው በነሐሴ የጎደለበት ሰው እህል ተበድሮ በመከር ጭማሪ አድርጎ ይመልሳል፤ ከብት የሌለው ከባለ ከብት ላም ወይም በግ ለርቢ ተቀብሎ ጥጃውንና ግልገሉን ይካፈላል፤ በሬው የሞተበት ወንፈል ይገባል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር ቤተሰቡን በሐዘን ቀን ያቆመዋል፤ ሰንበቴውና የጻድቁ ወይም የሰማዕቱ ወርኃዊ ማኅበር ደግሞ በየተራ እያዞረ አባላቱን ለጋራ ማዕድ ይሰበስባል። ስለ ኅብረት ሥራ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እነዚህን ሥርዓቶች እንደ ማስጌጫ አንሥተው ያልፏቸዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን የዘመኑ ማኅበር ሊያስተምር የሚመጣውን ትምህርት አብዛኛውን ገበሬው ከእነርሱ ተምሮ ቆይቷል። የማኅበሩ ሙሴ ተራውን ያልጠበቀውን ይገሥጻል፤ የቅሬው ዳኛ የቀረውን ይቀጣል፤ የእቁብ ዳኛ ደግሞ ቀድሞ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው እንዲጥል ዋስ ያስጠራል። መዋጮ፣ ተራ፣ ቅጣት፣ ዋስትና፣ ተጠሪ ሹም፣ እነዚህ ሁሉ የኅብረት ሥራ አዋጅ ከመጻፉ በፊት በአገሩ ነበሩ። ያልነበረው የተጻፈ መዝገብና ከአንድ ተራ ወደ ሌላው ተራ ሳይበተን የሚያድግ የጋራ ጥሪት ነው።

በእነዚህ ልማዶች ጎን አራጣ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ከጥንት ጀምራ አውግዛለች፤ በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት እ.ኤ.አ. በ325 ካህን ገንዘቡን በአራጣ እንዳያበድር ከልክለው፣ ይህን ያደረገ ከክህነቱ እንዲሻር በ17ኛው ቀኖናቸው ወስነዋል። በዘመናችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2479ኛው አንቀጽ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ደንግጓል። ሆኖም የተራበን ልጅ ዛሬ ማብላት ግዴታ የሆነበት አባት በቀኖናና በአንቀጽ አይጠግብም፤ በየገጠሩ በስውር የሚሰጠው ብድር ሕጉ ከፈቀደው እጅግ ያለፈ ጭማሪ ይጠይቃል፤ ስውርነቱም ተበዳሪው ለዳኛ አቤት እንዳይል አፉን ይዘጋዋል። አራጣን የሚያጠፋው ውግዘት ብቻ ሳይሆን፣ ብድር ፈላጊው ወደ አራጣ አበዳሪው ደጅ ከመሄዱ በፊት የሚያገኘው ሌላ ደጅ ነው።

ያ ሌላ ደጅ ባንክ ሊሆን ይችል ነበር፤ ግን አልሆነም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በየካቲት 1898 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ባንክ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የተከተለው የንግድን መንገድ ነው። ጥፋቱ ከክፋት የመጣ አይደለም። ለአንድ ገበሬ ሁለት ሺህ ብር ለማበደር የሚጠፋው የጸሐፊና የመርማሪ ድካም ለአንድ ነጋዴ ሁለት ሚሊዮን ለማበደር ከሚጠፋው ብዙም አያንስም፤ መያዣም ቢጠየቅ፣ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት ስለማይሸጥና ስለማይለወጥ፣ ገበሬው ለባንኩ የሚያሲዘው ነገር ሳይኖረው ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና የመሬት መጠቀሚያ መብት ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተራራ ማዶ ያለን በሬ ከከተማ ሆኖ መያዣ ማድረግ፣ በሬው ታሞ ወይም ተሽጦ እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ለሌለው ባንክ፣ በወረቀት ላይ ካለው ይልቅ በሥራው የከበደ ነው።

በመካከል የማይክሮፋይናንስ ተቋማት መጡ። በአማራ ክልል የብድርና ቁጠባ ተቋሙ፣ ሰው ሁሉ አብቁተ እያለ የሚጠራው፣ በ1987 ዓ.ም. በልማት ድርጅቱ በአመልድ ሥር ተጀምሮ፣ ዘርፉን በፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 40/1988 መሠረት ፈቃድ አግኝቶ፣ ተበዳሪዎችን በቡድን እያዋሰ እስከ ቀበሌ ድረስ ወርዷል። ከባንክ ይልቅ ለገበሬው የቀረበ መሆኑ አይካድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ባንክ የሆነ ነገር ደግሞ የባንክን ጠባይ እየያዘ መሄዱ ስለማይቀር፣ ትንሹ ተበዳሪ ወደፊት ከእርሱ ዘንድ ምን ቦታ እንደሚኖረው ነቅቶ መጠበቅ ይገባል።

ኅብረት ሥራው ሌላ ታሪክ አለው፤ ያም ታሪክ ጠባሳ አለበት። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1953 የገበሬዎች ኅብረት ድንጋጌ፣ በ1958 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 241 ወጡ፤ በዚያው ዘመን የአየር መንገድ ሠራተኞች በከተማ የመጀመሪያውን የቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረቱ። ደርግ በ1970 በአዋጅ ቁጥር 138 ኅብረት ሥራን የሶሻሊዝም መሣሪያ አደረገው፤ ገበሬው በሬውንና ማሳውን ወደ አምራቾች ማኅበር እንዲያስገባ ተገደደ፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አባላቱ በጥቂት ወራት ውስጥ በሬያቸውን ነድተው፣ ማሳቸውን ተካፍለው ወጡ። ስለዚህ በ1991 አዋጅ ቁጥር 147 በፈቃድ አባልነት ላይ የተመሠረተ ማኅበር ሲፈቅድ፣ ሕጉ አዲስ ቢሆንም፣ ሰሚው ስሙን ሲሰማ የሚያስታውሰው የድሮውን ቀበሌ ነበር። ዛሬም አንድ የወረዳ ባለሙያ በስብሰባ ላይ ማኅበር ተደራጁ ሲል ሽማግሌው ዝም የሚለው ግድ ስለሌለው አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ያገዘው የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራም በየክልሉ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራትን ሲያበዛ፣ ከገንዘብ እጥረት ያልተናነሰ ዕንቅፋት የሆነበት ይህ ትዝታ ነው። በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 985 የበፊቶቹን ሽሮ ዛሬ ዘርፉን ያስተዳድራል።

አሁን ወደ ማኅበሩ ራሱ እንግባ። የላስታ ገጠር ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው ሥራ በማይሠራበት የበዓል ቀን፣ በሚካኤል ወይም በማርያም ወይም በበዓለ እግዚአብሔር፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰው ለጸሎት ከየመንደሩ ወጥቶ በአንድ ስፍራ ስለሚገኝ ሌላ ቀን መፈለግ አያስፈልግም። ከሾላ ወይም ከወይራ ሥር ጠረጴዛ ይወጣል፤ የብረት ሳጥን ይመጣል፤ በሳጥኑ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ፤ ቁልፎቹን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ስለሚይዟቸው ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈትም። ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የተጠራው ቀርቦ የወሩን መደበኛ ቁጠባ ያስገባል፤ ገንዘብ ያዡ ሁሉም እየሰማ ቈጥሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ጸሐፊው በመዝገቡና በአባሉ ደብተር ላይ ይጽፋል። ማንበብ የማትችለዋ እናት በደብተሯ ላይ የተጻፈውን ባታነበውም የተጠራውን ድምር ሰምታለች፤ ከጎኗ ያሉትም ሰምተዋል። የመጀመሪያው የሒሳብ ምርመራ በዚህ መልክ በአደባባይ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ የተማረ ኦዲተር ሳይመጣ ብዙ ስሕተት ከዚያው ይታረማል። ይህን የሳጥን ሥርዓት ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር አገር ከሴቶች ጋር ጀምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች አስፋፍቶታል፤ በኢትዮጵያም በሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦች፣ በተለይም ሴቶች፣ በትናንሽ ቡድን ሆነው ሲቆጥቡበት ይታያል። እነዚህ ቡድኖች በዓመቱ መጨረሻ ቁጠባቸውን ከነትርፉ ተካፍለው እንደ ገና ይጀምራሉ፤ በሕግ የተመዘገበው ማኅበር ግን ጥሪቱን ይዞ ይቀጥላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይህ ነው።

የብድር ኮሚቴው ሥራ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዲት ባልቴት በግ አድልቤ ለፋሲካ እሸጣለሁ ብላ ብድር ትጠይቃለች እንበል። ሰብሳቢው ቄስ፣ “እትዬ፣ በጉን የሚገዙት ከቅዳሜው ገበያ ነው?” ይሏታል። “አዎ አባ፣ ሁለት ጠቦት” ትላለች። ከኮሚቴው አባላት አንዳቸውም አይናገሩም፤ ሁሉም ግን ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው መሆኑን፣ የባሏ ወንድሞች ተዝካሩ ይውጣ እያሉ እንደሚወተውቷት፣ ጠቦቶቹም ከተገዙ ወደ ፋሲካ ገበያ ሳይሆን ወደ ድግሱ ድስት እንደሚገቡ ያውቃሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በወልድያ ወይም በደሴ የተቀመጠ የባንክ መርማሪ በምንም ዘዴ ሊያውቀው አይችልም። የጎረቤት ማኅበር ከባንክ የሚበልጥበት ነገር ይህ ዕውቀት ነው፤ የሚበደረውን ሰው ጠባዩን፣ ቤቱን፣ ዕዳውን፣ ሐዘኑን ጭምር ያውቃል።

ነገር ግን ያው ዕውቀት ከይሉኝታ ጋር የተጣመረ ነው። ቄሱ የባልቴቲቱ የነፍስ አባት ናቸው፤ ተዝካሩም ቢወጣ ጸሎቱን የሚያደርሱት እርሳቸው ናቸው፤ ከኮሚቴው አንዱ የባሏ የአጎት ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ሐዘንተኛን መክሰስ፣ ዝም ለማለት የማኅበሩን ገንዘብ መጣል ይሆናል። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው በሌብነት እንደ ሆነ ይነገራል፤ ሌብነትም አለ፤ ነገር ግን ከሌብነቱ ይልቅ እምቢ ለማለት የሚያስቸግረው ቅርበት ጥሪቱን በዝግታ እንደሚያሟጥጠው አምናለሁ። የበሰለ ማኅበር መውጫ አበጅቶለታል፤ የተዝካርና የሕመም ወጪ ከምርት ብድር የተለየ፣ መጠኑ አነስተኛ፣ በይፋ የተጠራ የአስቸኳይ ብድር እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንቡ ይወስናል። ባልቴቲቱ ያን ጊዜ በበግ ስም መዋሸት አያስፈልጋትም፤ ኮሚቴውም የማያምነውን ነገር እንዳመነ ሆኖ አይፈርምም። ስለ ሰርግና ስለ ተዝካር ወጪ የሚደረገው ስብከት ሁሉ ይህን ያህል አይጠቅምም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማንሣት እዚህ ላይ ይገባል፤ ምክንያቱም የላስታን ችግር አስቀድሞ ያየ ሰው ነበር። ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን በጀርመን አገር የገጠር ከንቲባ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 ክረምት ረኃብ በወረደ ጊዜ ባለጸጎችን አስተባብሮ ለነዳያን እህል አስገዝቶ አደለ፤ የበጎ አድራጎቱ ሥራ ግን የባለጸጎቹ ፍቅር ሲበርድ አብሮ እንደሚበርድ ከብዙ ዓመት ሥራ ተረዳ። በ1864 በሄደስዶርፍ ባቋቋመው ማኅበር ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባላትና ኃላፊዎች እንዲሆኑ፣ አንዱ ላንዱ ዕዳ እንዲዋስ፣ ማኅበሩም ሰው ሁሉ ከሚተዋወቅበት ከአንድ ደብር ወሰን እንዳያልፍ አደረገ። ብዙዎች ስለ ራይፋይዘን ሲጽፉ በዚህ ያበቃሉ። እርሱ ግን አላበቃም፤ አንድ ደብር ብቻውን የቆመ እንደ ሆነ በረዶ አንድ ቀን ወርዶ የሁሉንም ማሳ ሲመታ ማኅበሩ ከአባላቱ ጋር አብሮ እንደሚወድቅ ስላወቀ፣ በ1872 በኖይቪድ የየደብሩን ማኅበራት የሚያገናኝ ማዕከላዊ ባንክ መሠረተ። የታችኛው ማኅበር ሰውን ያውቃል፤ የላይኛው አደጋን ያካፍላል። የዚህ ዳሰሳ መላ ሐሳብ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በላስታ ያለው ትልቁ ችግር የሁሉም ጎተራ በአንድ ቀን መጉደሉ ነውና። በከተማ ያለ ማኅበር አባል አንዱ ቢታመም ሌላው ደመወዝ ይቀበላል፤ በገጠር ግን ሠላሳ አባል ያለው ማኅበር ቢኖር፣ ዝናብ የቀረ ለት ሠላሳውም አባል ቁጠባውን ሊያወጣ ይመጣል፤ ሠላሳውም ብድሩን መክፈል ያቅተዋል፤ ሠላሳውም በአንድ ቅዳሜ በጉን ወደ ገበያ ስለሚነዳ የበግ ዋጋ ይወድቃል። የወሎን ረኃብ የመረመረው ህንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በ1965 ዓ.ም. አካባቢ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደዚያ ያለ እልቂት ሲታይ ይጠበቅ የነበረውን ያህል እንዳልናረ፣ ከወሎም ወደ ውጭ የወጣ እህል እንደ ነበረ አሳይቷል፤ ሕዝቡ የሞተው ከገበያው የሚገዛበት አቅም አጥቶ ነው። ይህ ነገር ስለ ብድር ለሚያስብ ሰው ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው፤ በዚያ ዓመት ከወሎ ውጭ የተቀመጠ ጥቂት ጥሪት ቢኖር ኖሮ ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር። በወሎ ውስጥ የተቀመጠው ግን፣ በግም ይሁን እህል፣ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ቀልጧል።

ከተማዪቱም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለችም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ጎብኚው ቀረ፤ የሆቴል ሠራተኛው፣ አስጎብኚው፣ የበቅሎ ነጂው፣ የመስቀልና የዕደ ጥበብ ሻጩ በአንድ ወር ገቢ አጣ። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፤ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ባንኮች ተዘጉ፤ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ በሒሳቡ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ዳቦ የሚገዛበት አንድ ብር አጥቶ ዋለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ውጊያ እንደ ገና ሲቀሰቀስ ኢንተርኔት በመቋረጡ የባንኩ ኮምፒውተር ከማዕከሉ ጋር መገናኘት ተሳነው። በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብርና ሌሎቹ የስልክ ገንዘቦች የገጠሩን ርቀት ያሳጥራሉ ተብሎ ተስፋ የተጣለባቸው ናቸው፤ በሰላም ጊዜም ያሳጥራሉ፤ ነገር ግን ሰሜን ወሎ መስመር የተቆረጠ ዕለት ምን እንደሚመስል ስላየ፣ በወረቀት የሚጻፍ መዝገብና በአባሉ እጅ ያለ ደብተር ያላቸው ማኅበራት የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርገው እንዳይታዩ እማጠናለሁ። ኮምፒውተሩ ይግባ፤ ደብተሩም አይቅር።

ሌላው የቁጠባ ጠላት የብር አቅም መድከም ነው፤ ይህንንም የማኅበራት መካሪዎች ደፍረው ሲናገሩት አይሰማም። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ትንሹ ወለድ ከመቶ 7 ሆኖ ሳለ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከመቶ 30 አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት 1,000 ብር የቆጠበች ሴት 1,070 ብር ይዛ ወደ ገበያ ስትሄድ፣ አምና 1,000 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ 1,300 ብርና ከዚያ በላይ ይጠብቃታል። ቁጠባ ትርፍ አለው ብሎ የሰበካት ሰው ምን መልስ ይሰጣታል? ባሏ በግ ግዢበት ቢላት ኖሮ ልክ ነበር። በጉ ደግሞ በሽታና ድርቅ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ገንዘቡን በሳጥን አስቀምጦ የሚጠብቅ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ለአባላት አበድሮ በበግ፣ በቀፎ፣ በመስኖ ሽንኩርት መልክ እንዲሠራ የሚያደርግ መሆን አለበት፤ ከሳጥኑ ያለው ብር ሲያንስ፣ በአባላት እጅ ያለው ንብረት ሲበዛ፣ ያን ጊዜ ጤነኛ ነው። ንብ በላስታ ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ትውፊት ጀምሮ የተከበረች ስለሆነች ብቻ አይደለም ቀፎን የማነሣው፤ ቀፎ ማሳ የሌለው ወጣት ሊይዘው የሚችል፣ ከተዳፋት ላይ የሚቀመጥ፣ ማሩም ሳይበላሽ ዋጋ እስኪያገኝ የሚቆይ ንብረት ስለ ሆነ ነው።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። አንድ አባል የቱንም ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው፤ ከማኅበሩ ጠቅላላ ካፒታልም ከመቶ 10 በላይ አይይዝም፤ እነዚህ ሁለቱ ድንጋጌዎች ባለጸጋ ማኅበሩን እንዳይገዛው ይጠብቃሉ። የ1991ዱ አዋጅ ከተጣራ ትርፍ ከመቶ 30 መጠባበቂያ ሆኖ እንዲቀነስ ማድረጉም ጥበብ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። ባንኮችንና ማይክሮፋይናንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ ቁጠባና ብድር ማኅበራት በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት እጅ ናቸው፤ ያም መሥሪያ ቤት በወረዳ ደረጃ ኦዲተሮቹ ጥቂት፣ መንገዱ ሩቅ፣ ማኅበሩ ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. በደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድኅን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ዋስ የሚሆነው ለባንኮችና ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ደንበኞች ነው። ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚሻው የገጠር ቆጣቢ ከዚህ ጥላ ውጭ ቀርቷል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ለብቻቸው የሚገዛ ሕግ አውጥታ ተቀማጭ የሚቀበሉትን የሚቆጣጠር ባለ ሥልጣን አቁማለች፤ የእኛ አገር ማኅበራት ከዚያ ያነሰ የሚገባቸው አይመስለኝም። በወሎ ብዙ ሙስሊም ወገኖች ስላሉም፣ ወለድ የማይፈቅደው እምነታቸው በመተዳደሪያ ደንብ መከበር ይኖርበታል፤ ትርፉን ተካፍሎ መሥራት ለርቢ ከብት ለሚሰጥ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

እንግዲህ መፍትሔው ማኅበሩን ትንሽ ባንክ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ፤ ብዙ ቀበሌዎችን አዋሕዶ በላሊበላ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ኮምፒውተር። እኔ ከዚህ ሐሳብ ጋር አልስማማም፤ ማኅበሩ ሲሰፋ ባልቴቲቱን የሚያውቃት ሰው ከጠረጴዛው ይጠፋል፤ ያ ሰው ከጠፋ ማኅበሩ ደካማ ባንክ ሆኖ ይቀራል። ታችኛው በደብሩ ይቅር። ላይ የሚያስፈልገው ዩኒየን ነው፤ ዩኒየኑም የላስታን፣ የመቄትንና የግዳንን ማኅበራት ብቻ አቅፎ ቢቆም ሁሉም በአንድ ድርቅ ስለሚመቱ አይበቃም፤ ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍና ስንዴ አምራቾች፣ ከደቡብ ጎንደር ሩዝ አምራቾች፣ ከከተማ ሠራተኞች ማኅበራት ጋር በክልል ደረጃ መያያዝ አለበት። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተባብረው ባንክ ማቋቋም እንደሚችሉ በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ አሳይቷል። የባንኩን ጠባይ ሁሉ መቅዳት ባያስፈልግም፣ ማኅበራት ባለ ካፒታል ሊሆኑ እንደሚችሉ ማስረጃ ነው።

በዚህ ሐሳብ መሠረት የየማኅበሩ መጠባበቂያ ከሳጥኑና ከላስታ ውጭ፣ በዩኒየኑ ዘንድ ይቀመጥ፤ ዝናብ በቀረበት ዓመትም ማኅበሩ በተቀመጠለት ልክና ከዚያም በላይ በብድር እንዲያወጣ በውል ይወሰን። የአባላት ብድር መክፈያ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሰኔ 30 እንዲሆን የሚያደርጉ ማኅበራት ልማዳቸውን ይተዉ፤ በሰኔ ገበሬው ዘሩን በማሳ ጥሎ እጁ ባዶ የሆነበት ወር ስለ ሆነ መክፈያው በጥርና በየካቲት ይሁን። ኦዲተሩም ማኅበራት ከመከር በኋላ በሚሰበሰቡባቸው የበዓል ቀኖች ይምጣ፤ ሒሳቡን በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በአባላቱ ፊት ያንብብ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥሪቱን በሩቅ ማስቀመጥ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ጥሪቱን ማጣት ሊሆን መቻሉ ነው፤ ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ገንዘብ ይዞ መጓዝ ራሱ ሥጋት በሆነባቸው ወራት ዩኒየኑ ወረቀት ብቻ እንዳይሆን፣ በላሊበላ ካሉ የባንክ ቅርንጫፎች ጋር ተዋውሎ መጠባበቂያው በዚያው በከተማው የሚወጣበትን መንገድ፣ መስመርም ቢቆረጥ በተፈረመ ደብተር የሚከፈልበትን ጭምር፣ ከአሁኑ ማበጀት ይኖርበታል።